የፒክአፕ የኋላ ታምቡር ፍሬን፦ ፔዳሉ መጀመሪያ ይሰምጣል፣ ሲደገም ይነሳል

ባለፒክአፑ
ሰላም ለሁላችሁ። የኋላ ፍሬኑ በታምቡር (ከጎማው ጋር በሚዞር ክብ ብረት) የሚሠራ ፒክአፕ ነው። ፔዳሉ በመጀመሪያው ርግጫ ከግማሽ በታች ይወርዳል፤ ወዲያው ሲደገም ግን ከፍ ብሎ ይጠነክራል። የእጅ ፍሬኑ የሚይዘው እስከ ላይ ከተሳበ በኋላ ነው። ከግራ የኋላ ጎማ የመፋጨት ድምፅ ይሰማል። የፍሬን ዘይቱ አልጎደለም። ሥራውን እቤት ልሠራው ነው። ክሪክ፣ ሁለት ካቫሌቶ (የተነሳ መኪና የሚያርፍበት መቆሚያ)፣ ቁልፎች፣ ካቻቪቴ፣ ፒንሳና ካሊብሮ (መለኪያ) አለኝ። ሸራ (ታምቡሩን ከውስጥ የሚፋትገውን) እና ሲሊንደር (ሸራውን በዘይት ግፊት የሚገፋውን) አሁኑኑ ልግዛ ወይስ መጀመሪያ ልክፈተው?

ሞላ ሳቢ
ሳትከፍት ምንም አትግዛ። ሲደገም የሚነሳ ፔዳል አብዛኛውን ጊዜ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ሸራው ከታምቡሩ ርቋል። የመጀመሪያው ርግጫ ዘይት ክፍተቱን በመሙላት ያልቃል። ሞላዎቹ ሸራውን መልሰው ሳይጨርሱ ስትደግመው ነው ግፊት የምታገኘው።

አየር ከሆነ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይለጠጣል። ረግጠህ ስትይዘው ቀስ እያለ የሚወርድ ከሆነና ውጭ ፍሳሽ ከሌለ ደግሞ የማስተር ሲሊንደሩ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይት ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው) ጎሚኒ፣ ዘይት የሚያግደው ጎማ፣ አልቋል። ያንተ ከሁለቱም አይመስልም።

አንድ ነገር አደራ፦ የእጅ ፍሬኑ ላላ ብለህ ካቦውን (የሚስበውን የሽቦ ገመድ) እንዳታጠብቅ። ብዙ የኋላ ፍሬን የሚበላሸው በዚህ ነው። ካቦው ሲወጠር ከውስጥ ያለው የእጅ ፍሬን ክንድ ወደ ማረፊያው አይመለስም፤ ስለዚህ ራሱን የሚያስተካክለው መሣሪያ ጥርስ መቁጠሩን ያቆማል። የእጅ ፍሬኑ ለጊዜው ይይዝልሃል፣ ፔዳሉ ግን በየወሩ እየሰመጠ ይሄዳል።

ጋሽ ካሊብሮ
ሞላ ሳቢ ያለው ትክክል ነው። አከፋፈቱን ልንገርህ።

ለጥ ያለ ቦታ አቁምና የፊት ጎማዎቹን ከፊትም ከኋላም ታኮ አድርግባቸው፤ የእጅ ፍሬኑን ስለምትለቅ መኪናውን የሚይዘው ታኮው ብቻ ነው። የጎማ ዳዶዎቹን ጎማው መሬት እንደነካ ትንሽ አላላ። ከዚያ አንሳውና ካቫሌቶዎቹን ከአክስሉ ሥር፣ ከባሌስትራው መቀመጫ አጠገብ አስገባ። ሻንሲው ሥር አታድርግ፤ ለምን እንደሆነ አየር ስታስወጣ እናወራለን።

ጎማውን ካወለቅህ በኋላ ታምቡሩና ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት የመሐል ብረት) ላይ በቀለም አንድ ምልክት አድርግ፤ በነበረበት አቅጣጫ እንዲመለስ። የጃፓን ታምቡሮች ብዙውን ጊዜ ፊታቸው ላይ ጥርስ ያላቸው ሁለት ቀዳዳዎች አሏቸው፤ 8 ሚ.ሜ. ውፍረትና 1.25 ጥርስ ያለው ቡሎን ይገባባቸዋል። የሞዞውን ዙሪያ ዝገት በሽቦ ብሩሽ ጠርገህ ዝገት ማላቀቂያ ዘይት ትንሽ ንፋበት፤ ከዚያ ሁለቱን ቡሎኖች በየተራ ግማሽ ግማሽ ዙር አጥብቅ። አንዱን ብቻ ካጠበቅህ ታምቡሩ ይጋደምና ይባስ ይነክሳል።

ትንሽ ወጥቶ ከዚያ እምቢ ካለ ችግሩ ዝገት አይደለም። ታምቡሩ ውስጡ በመበላቱ ጠርዙ ላይ ከንፈር ሠርቷል፤ ሸራው እዚያ ላይ ይይዛል። ከጀርባው ላሜራ ላይ ያለችውን የጎማ ውታፍ አንሳ። በአንድ ቀጭን ካቻቪቴ የማስተካከያውን ምላስ ከጥርሱ ገፋ አድርገህ ያዝ፣ በሌላው ጥርሳሙን አዙር። ምላሱን ሳትገፋ ብታዞር ወደ ማጥበቅ ብቻ ነው የሚሄድልህ። ጥቂት ጥርስ አዙረህ ታምቡሩን በእጅህ ሞክር፤ ከከበደ አቅጣጫውን ቀይር።

መዶሻ ካስፈለገ በጎማ ቡሎኖቹ መካከል ያለውን ፊት በእንጨት በኩል ምታ። ጠርዙን አትምታ፤ ብረቱ በፈሰስ የተሠራ ስለሆነ ይሸረፋል ወይም ይሰነጠቃል።

ንጹህ እጅ
ከመክፈቱ በፊት ሁለት ማሳሰቢያ። አቧራውን በአየር እንዳትነፋው፣ በደረቅ ብሩሽም እንዳትጠርገው። የድሮ ሸራ አስቤስቶስ ሊኖረው ይችላል፤ የሌለበትም ቢሆን ለሳንባ የሚሆን አይደለም። ከሥሩ ትሪ አድርገህ በሳሙና ውሃ ወይም በፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ አርጥበህ እጠበው፤ ጭምብልም አድርግ። ሌላው፣ ታምቡሩ ወጥቶ እያለ ማንም ፔዳሉን እንዳይነካ። የሲሊንደሩ ፒስተኖች ተስፈንጥረው ይወጣሉ፤ ያኔ ሥራው ከሸራ መቀየር ወደ ሙሉ አየር ማስወጣት ይለወጣል።

ሞላ ሳቢ
እና አንዱን ጎን ጨርሰህ ነው ወደ ሌላው የምትሄደው። ያልተፈታው ጎን ማመሳከሪያህ ይሆናል። ፎቶ ደግሞ ከፊትም ከጎንም አንሳ፤ የትኛው ሞላ ከሸራው በፊት፣ የትኛው ከኋላ እንደሚያልፍ ከፊት በተነሳ ፎቶ ላይ አይታይም።

ባለፒክአፑ
ተከፈተ። በግራ በኩል የፊተኛው ሸራ ላይኛው ጫፍ 1 ሚ.ሜ. ቀርቶታል፣ የኋለኛው 2.5። በቀኝ ሁለቱም 3.5 አካባቢ ናቸው። የግራው ማስተካከያ ተጣብቋል፤ በእጅ አይዞርም። ታምቡሩ ላይ 297 ተጽፎበታል፤ የግራው ውስጡ ሲለካ 296.1 ሚ.ሜ.፣ የቀኙ 295.6 ነው። ከግራው ታችኛ ክፍል እርጥበት አለ፣ ጥቁርና የሚያጣብቅ። ይህ ከየት ነው የመጣው?

ጋሽ ካሊብሮ
የተጻፈው 297 የመጨረሻው ልክ ነው፤ አዲሱ 295 ነበር። ሁለቱም ገና ይሠራሉ። ግን በአንድ ቦታ ብቻ ለክተህ ከሆነ፣ ሩብ ዙር አዙረህ ድገመው። ልዩነቱ ከ0.15 ሚ.ሜ. ካለፈ ታምቡሩ እንቁላል ሆኗል፤ ፔዳሉ እግርህ ሥር የሚመታው ያኔ ነው። ቶርኖ ቤት (ብረት በማሽን የሚቆረጥበት) ብትወስደው ሁለቱም በአንድ ልክ ይቆረጡ። የግራው 296.6 ላይ ጸድቶ ካልጨረሰ ጣለው፤ ከቶርኖ በኋላም የሚበላው ቦታ ሊቀርለት ይገባል።

የሸራው ዝቅተኛ ውፍረት 1 ሚ.ሜ. ነው። በሪቬት የተያዘ ከሆነ የምትለካው ከሪቬቱ ጭንቅላት በላይ ያለውን ነው። የግራው አልቋል። ሸራ ደግሞ በአክስል ነው የሚቀየረው፤ አራቱንም።

ለእርጥበቱ ሽታውን እይ። የዲፈረንሻል ዘይት የድኝ ሽታ አለው፣ በጣት መካከል ወፍራምና ቅባታም ነው። የፍሬን ዘይት ቀጭን ነው፣ ቀለም ያነሳል፣ ውሃ ሲነካው ይታጠባል። ከላይ፣ ከሲሊንደሩ አቧራ መከላከያ ጀምሮ የወረደ መስመር ካለ ሲሊንደሩ ነው። ከመሐል፣ ከሰሚያሱ (ጎማውን ከሚያዞረው ዘንግ) ዙሪያ ከመጣ ኦይል ሲሉ (የዲፈረንሻል ዘይት የሚያግደው ጎማ) ነው።

ባለፒክአፑ
እሺ ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። የድኝ ሽታ የለውም። የአቧራ መከላከያውን ጫፍ ሳነሳ ዘይት ጠብ አለ።

ጋሽ ካሊብሮ
ሲሊንደሩ ነው። መከላከያውን ስታነሳ ውስጡ ወዝ ብቻ ቢያሳይ ችግር የለውም፤ ጠብ ካለ አልቋል። በማጠራቀሚያው ላይ ያላየኸው ፍሳሹ ጥቂት ስለሆነ ነው፤ ሸራ ለማበላሸት ግን ጥቂት ይበቃል። ዘይት የጠጣ ሸራ አጥበህ፣ አቃጥለህ፣ በብርጭቆ ወረቀት ፍቀህ አይድንም። ሲሞቅ ከውስጡ ይተፋዋል።

ባለ ጎሚኒ
ሲሊንደሩን መቀየር የግድ አይደለም። ጎሚኒ ብቻ ቀይሮ ውስጡን በቤንዚን አጥቦ መግጠም ይቻላል፤ እድሜ አለው።

ንጹህ እጅ
ቤንዚን አይሆንም! የፍሬን ጎሚኒ ከነዳጅ ዘር ጋር አይስማማም፤ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ካበጠ ደግሞ ፒስተኑ ስለማይመለስ ፍሬኑ ይዞ ይቀራል። ናፍጣም፣ የሞተር ዘይትም፣ ተራ ግሪስም እንደዚያው። የሲሊንደር ውስጥ የሚታጠበው በንጹህ የፍሬን ዘይት ወይም በፍሬን ማጽጃ ነው፤ ማጽጃው እስኪደርቅ ጠብቀህ ጎሚኒውን በፍሬን ዘይት ነክረህ ታስገባዋለህ።

ጋሽ ካሊብሮ
ጎሚኒ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ውስጡ መስታወት ሲሆን ነው። ጥፍርህን አስገብተህ አሂድበት። ጥፍርን የሚያስቆም ጉድጓድ ካለ አዲስ ጎሚኒም እዚያው ይቆረጣል። አሉሚኒየም ከሆነ መፋቅ የለም፤ የላዩን ጠንካራ ሽፋን ታነሳበታለህ። ለኋላ ፍሬን የኔ ምርጫ ሙሉ ሲሊንደር ነው፣ በሁለቱም በኩል።

አፈታቱ ላይ ግን ተጠንቀቅ። የቧንቧውን ዳዶ በተራ ክፍት ቁልፍ ከፈታህ ጥጉን ትልጠዋለህ፤ አምስት ጎኑን የሚያቅፍ የቧንቧ ቁልፍ ተጠቀም፣ ልኩ ብዙ ጊዜ 10 ነው። ማላቀቂያ ዘይት ነፍተህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ተወው፤ መጀመሪያ ቅንጣት ወደ ማጥበቅ፣ ከዚያ ወደ መፍታት። ቧንቧው አብሮ ሲጠመዘዝ ካየህ አቁም፣ ወዲያና ወዲህ እያልህ ዘይት ጨምር። ከተላቀቀ በኋላ የቧንቧውን ጫፍ በጎማ ክዳን ዝጋ፤ ማጠራቀሚያው እስኪደርቅ ከፈሰሰ አየሩ ማስተር ሲሊንደር ድረስ ይሄዳል።

አዲሱን ስትገጥምም ቅደም ተከተሉን ጠብቅ። የቧንቧውን ዳዶ በእጅህ ሦስት አራት ዙር አስገባ፤ ሲሊንደሩን የሚይዙትን ሁለት ቡሎኖች የምታጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሲሊንደሩ ቀድሞ ከታሰረ ዳዶው ተጣሞ ይገባና ጥርስ ይበላል።

ሞላ ሳቢ
ወደ ሸራው እንምጣ። ከአዲሱ ሸራ በፊት የጀርባውን ላሜራ እይ። በየሸራው ጠርዝ ሦስት ሦስት፣ በድምሩ ስድስት ከፍ ያሉ ማረፊያዎች አሉ። የሸራው ብረት የሚንሸራተተው በእነዚህ ላይ ነው። በመኪናህ የሚሰማው መፋጨት ከሸራው ማለቅ ሊሆን ቢችልም እነዚህም ሲቦረቦሩ ሸራው ገደሉ ውስጥ ይወድቅና አይመለስም። ጉድጓዱ ትንሽ ከሆነ በፋይል አስተካክል፤ ጥልቅ ከሆነ በብየዳ ሞልተህ ጠፍጣፋ አድርገህ ሞርደው። ከዚያ ሙቀት የሚችል የፍሬን ግሪስ በየማረፊያው የጥፍር ያህል ቀባ። ከዚያ በላይ የተቀባ ግሪስ ሲሞቅ የሚወርደው ሸራ ላይ ነው።

የእጅ ፍሬኑን ክንድ ከአሮጌው የኋለኛ ሸራ ወደ አዲሱ አሸጋግር፤ የሚይዘው ቁላፍ ሲከፈት ስለሚላላ አዲስ አድርግ። ሁለቱ ሸራ ያዥ ሞላዎች ተጭነው ሩብ ዙር ሲዞሩ ይለቃሉ፤ ከጀርባ ሚስማሩን በጣትህ ደግፈው፣ አለዚያ አብሮ ይዞራል። መላሽ ሞላዎቹ ቀለማቸው ከጠቆረ ወይም በጠምዛዛዎቹ መካከል ክፍተት ከታየ ሙቀት ገድሏቸዋል፣ ቀይራቸው።

የተጣበቀውን ማስተካከያ በማላቀቂያ ዘይት ፍታው፣ ጥርሱን በሽቦ ብሩሽ አጽዳ፣ ስስ ግሪስ ቀብተህ በጣትህ እስከ መጨረሻው መግባት መውጣቱን አረጋግጥ። በጣት ካልዞረ በምላሱም አይዞርም። እና ይህን ልብ በል፦ የግራና የቀኝ ማስተካከያ ጥርሳቸው ተቃራኒ ነው። ብታቀያይራቸው ፍሬን በረገጥህ ቁጥር ሸራው እየቀረበ ሳይሆን እየራቀ ይሄዳል፤ ፔዳሉም በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይሰምጣል። የዚህ ስህተት መጥፎነቱ ሁሉም ነገር በትክክል የተገጠመ መምሰሉ ነው።

አሮጌ ብረት
ሁለት ዓይነት አሠራር እንዳለ አትርሱ። በአብዛኞቹ የጃፓን ፒክአፖች ሁለቱም ሸራዎች ታች ባለ ቋሚ ማረፊያ ላይ ነው የሚቆሙት፣ ርዝመታቸውም እኩል ነው። በብዙ የአሜሪካ ፒክአፖች ግን ማረፊያው ከላይ አንድ ብቻ ነው፤ ታች ያለው ማስተካከያ ሁለቱን ያገናኛል። በዚህኛው አጭር ልባስ ያለው ሸራ ወደ መኪናው ፊት፣ ረጅሙ ወደ ኋላ ይሆናል። ተገላብጦ ከተገጠመ ፍሬኑ ኃይሉን ያጣል፤ ረጅሙ ሸራ ነው አብዛኛውን ሥራ የሚሠራው። ማስተካከያውም ራሱን የሚያጠብቀው ወደ ኋላ እየሄድህ ፍሬን ስትይዝ ነው።

ባለፒክአፑ
የኔ ታች ቋሚ ማረፊያ ያለው ነው። ሸራውም ሲሊንደሩም በሁለቱም በኩል ገብቷል። በግራ ታምቡሩ አልገባም አለ፤ ማስተካከያው ግን እስከ መጨረሻው ተመልሷል።

ሞላ ሳቢ
ተራ በተራ ፈትሽ። የእጅ ፍሬኑ ክንድ ከሸራው ብረት ጋር ተጋጥሞ ካልቆመ ካቦው ተወጥሯል፤ መሐል ላይ ያለውን ዳዶ አላላ። ሸራዎቹ የሲሊንደሩ ፒስተን ጉድጓድ ውስጥ በትክክል ገብተዋል? መወጠሪያው ዘንግስ በሁለቱም በኩል ሸራው ቀዳዳ ውስጥ ተቀምጧል ወይስ ጫፉ ላይ ተንጠልጥሏል? እነዚህ ሁሉ ደህና ከሆኑ ሸራዎቹን በእጅህ ወደ ላይና ወደ ታች ገፋ አድርገህ ከመሐል አስተካክላቸው። የታምቡሩን ከንፈር ደግሞ ፍቀህ አንሳው።

ባለፒክአፑ
ካቦው ነበር። አሁን ገባ። ልኩን እንዴት ልያዝ?

ጋሽ ካሊብሮ
ካሊብሮ ስላለህ በልክ እንሥራ። የታምቡሩን ውስጥ ለካ፤ የሸራዎቹን የውጭ ስፋት ከዚያ በ0.6 ሚ.ሜ. እስኪያንስ ድረስ ማስተካከያውን አዙር። ታምቡሩን አስገብተህ ስታዞረው በጣም ቀላል የመሻሸት ድምፅ ይሰማል እንጂ እጅህን አይዝም። ካሊብሮ የሌለው ሰው በጀርባው ቀዳዳ በኩል ታምቡሩ አልዞር እስኪል ያጠብቅና ምላሱን ገፍቶ ይመልሳል፤ በብዙ የሂሉክስ ዓይነቶች 8 ጥርስ ነው፣ ለሌላው የመኪናውን መመሪያ ያይ። ከዚያ ፔዳሉን አምስት ስድስት ጊዜ ርገጥ፣ ሸራው መሐሉን ይይዛል፤ እንደገና አዙረህ ሞክር። ግራና ቀኙ እኩል መሻሸት አለባቸው።

ካቦው የሚስተካከለው አሁን ነው፣ ከሸራው በኋላ። ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 9 «ቀጭ» ላይ ሙሉ በሙሉ መያዝ አለበት። ስትለቀው ሁለቱም ጎማዎች በነፃ ካልዞሩ አጥብቀኸዋል።

ንጹህ እጅ
አየር ማስወጣት፦ ዘይቱ በማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈው ነው፤ ዶት 3 ወይም ዶት 4። ሁለቱ መቀላቀል ይችላሉ፣ ሲሊኮን የሆነው ዶት 5 ግን ከሁለቱም ጋር አይገባም። ተከፍቶ የተቀመጠ ጠርሙስ አትጠቀም፤ ይህ ዘይት እርጥበት ከአየር ይስባል። ደረቅ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፣ እርጥበት ሲጠጣ ግን ልኩ 140 ላይ ነው፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፔዳል የሚጠፋው በዚህ ነው።

ከማስተር ሲሊንደሩ ከሚርቀው ጎማ ጀምር። ግልጽ ቱቦ በአየር ማስወጫው ቡሎን ላይ አጥልቀህ ጫፉን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ አስጥመው። ረዳትህ ቀስ ብሎ ይረግጣል፣ ይይዛል፤ አንተ ሩብ ዙር ትከፍታለህ፣ ትዘጋለህ፤ «ልቀቅ» የምትለው ከዘጋህ በኋላ ብቻ ነው። መኪናው አሮጌ ከሆነ ፔዳሉ ሥር እንጨት አድርግ፤ እስከ ወለሉ ሲወርድ የማስተር ሲሊንደሩ ጎሚኒ ረግጦ በማያውቀው ዝገት ላይ ያልፍና ይቆረጣል። ማጠራቀሚያውን በየአምስት ርግጫው እይ። ቀለም ላይ ዘይት ከጠበጠበ ወዲያው በውሃ እጠብ፤ ቀለሙን ይልጠዋል።

ጋሽ ካሊብሮ
ካቫሌቶው አክስሉ ሥር ይሁን ያልኩት ለዚህ ነው። ብዙ ፒክአፕ ከሻንሲው ወደ አክስሉ የተዘረጋ ዘንግ ያለው ጭነት መዛኝ ቫልቭ አለው። አክስሉ ተንጠልጥሎ ከሆነ ቫልቩ መኪናው ባዶ ነው ብሎ የኋላውን ዘይት ያንቀዋል፤ ስታስወጣ ጠብታ ብቻ ይመጣልሃል። ቫልቩ ራሱ አየር ማስወጫ ካለው እሱን መጨረሻ ላይ ክፈት። ባሌስትራ ጨምሮ መኪናውን ከፍ ያደረገ ሰው ደግሞ የዚህን ዘንግ መያዣ አብሮ ካላስተካከለ፣ አዲስ ሸራ ቢያስገባም የኋላ ፍሬኑ ደካማ ይሆናል። ዘንጉ በእጅ ሲገፋ የማይንቀሳቀስ ከሆነ ዝጓል፤ ባዶ መኪና ላይ የኋላ ጎማ የሚቆልፈው ያኔ ነው።

ባለፒክአፑ
ፔዳሉ ከላይ ሆኗል፣ የእጅ ፍሬኑ በ7 ያዘ። ታምቡሮቹን ቶርኖ ቤት አስቆርጫለሁ፣ 296.4 ሆነዋል። አሁን ፍሬን ስይዝ ከኋላ በዝግታ «ጠቅ… ጠቅ» የሚል ድምፅ አለ።

አሮጌ ብረት
ቶርኖው በፍጥነት ተገፍቶ ተቆርጧል ማለት ነው። የታምቡሩ ውስጥ እንደ ቡሎን ጥርስ ስስ ጠምዛዛ መስመር ይዟል፤ ሸራው በመስመሩ ላይ እየተጓዘ ከላሜራው ይነሳና ሞላው መልሶ ያስቀምጠዋል፣ ድምፁ እሱ ነው። ታምቡሩን አውጥተህ 80 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በእንጨት ላይ ጠቅልለህ ከመስመሩ ጋር ተሻግረህ ፈትገው፤ ከዚያ በፍሬን ማጽጃ እጠበው። ሸራ ያዥ ሞላዎቹ ደካማ ከሆኑ ድምፁ ይቀጥላል፣ አብረህ እያቸው።

ሞላ ሳቢ
ስትመልሰው የጎማ ዳዶዎቹን በተሻጋሪ አጥብቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ድገማቸው። ለመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ወደ 10 በመጠነኛ ርግጫ ሃያ ጊዜ ያህል አቀዝቅዝ፣ በየመሐሉ እየነዳህ አብርደው፤ እንደ ሞቀ የእጅ ፍሬን ስበህ አታቁመው። ከዚያ 10 ኪሎ ሜትር ፍሬን ሳታበዛ ንዳና እጅህን ወደ ሁለቱ ቸርኬዎች አስጠጋ፣ ሳትነካ። አንዱ ለብ ብሎ ሌላው የሚፋጅ ከሆነ በዚያ በኩል ሸራው ጠብቋል፤ ጎማውን አንስተህ ሁለት ጥርስ መልስለት።